ከዋጫ እስከ ቤተ ሙከራ
በካፋ ዞን፣ በዋጫ አካባቢ ያደገ ተማሪ ቡናን የሚያውቀው ከደን ጥላ ሥር ሲለቀምና በእናቱ ምድጃ ሲቆላ ነው። ለባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ጀርመን ሲገባ የሀገሩን ፍሬ በሞለኪውል መልክ ያገኘዋል። ካፌይንን እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ነው። ተክሉ ካፌይንን ከዛንቶሲን ተነሥቶ በኢንዛይሞች አማካይነት እንደሚሠራም ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይኑ እጅግ ያነሰ የአረቢካ ቡና ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ የተክሉ ዘር ግን ከኢትዮጵያ የሄደ ነበር። እንግዲህ ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ ሲመርጥ ከፊቱ የሚቆመው ጥያቄ ከዲግሪው ይከብዳል፦ ዘሩ ከሀገር እንደወጣ ሁሉ ዕውቀቱም በውጭ ይቅር ወይስ ወደ ደኑ ይመለስ? ደኑ እየተመነጠረ ነውና መልሱ ረጅም ቀጠሮ አይሰጠውም።