በአንዋር ዙሪያ ሰዓት ፍለጋ



መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) አሁን ባለበት ስፍራ ከተደራጀ ወዲህ በየተራው ተከፋፍሎ የሚኖር ገበያ ነው። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ የፈለገ ዱባይ ተራ፣ አሮጌ ብረታ ብረት የፈለገ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። የእጅ ሰዓት ግን በአንድ ተራ ተወስኖ አይቀመጥም። በአንዱ ሱቅ ከሽቶና ከመነጽር ጎን በመስታወት ሣጥን ይደረደራል፤ በሌላው ስፍራ በሱቅ በደረቴ ነጋዴ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከመንገድ ዳርም ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ስለሆነም ሰዓት ገዢ እግሩን ማዞር፣ ዐይኑንም መክፈት ግድ ይለዋል።

የዚህ ገበያ እምብርት ታላቁ አንዋር መስጊድ ነው። አዛን ሲሰማ ነጋዴው ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ወይም በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ሶላት ይነጉዳል። ተሸካሚው ጭነቱን ያወርዳል፤ ክርክር የያዘ ገዢና ሻጭ ዋጋውን ለኋላ ያቆየዋል። በመርካቶ ጊዜ ገንዘብ ነው የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ በአንዋር ደጃፍ ግን ጊዜ ከገንዘብም የከበረ አማና መሆኑ በቀን አምስት ጊዜ ይታወጃል።

ሶላት በተወሰነለት ወቅት የተደነገገ ግዴታ በመሆኑ የጊዜ ዕውቀት በሙስሊሞች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ትልቅ ቦታ ነበረው። በታላላቅ መስጊዶች «ሙወቂት» የሚባል የሶላትን ወቅት የሚያሰላ ባለሙያ ይሾም ነበር። በደማስቆ የኡመያ መስጊድ ሙወቂት የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኢብኑ ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1371 ለመስጊዱ ሚናራ የፀሐይ ሰዓት ሠርቷል። ከእርሱም በፊት አልጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ በውኃ ኃይል የሚሠሩ ድንቅ ሰዓቶችን አሠራር በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። ዛሬ በእጃችን ላይ የምናስረው ትንሽ መሣሪያ የዚያ ዕውቀት ታናሽ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

«በስልክ ዘመን ሰዓት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ስልክ ሰዓት ይናገራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዓት ለማየት የተከፈተ ስልክ መልእክት ሳያሳይ፣ ወሬ ሳያስከትል አይዘጋም። እኔ በማስተምርበት ክፍል ስልክ ማውጣት ለተማሪም ለመምህርም መልካም አይደለም፤ በመስጊድ ውስጥማ የባሰ ነው። እጅን ቀና አድርጎ አንድ ጊዜ ማየት ግን ማንንም አይረብሽም።

የሙሽራው ምኞት

በቅርቡ መርካቶን በሰዓት ምክንያት እንድዞር ያደረገኝ ከኮምቦልቻ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ኒካሑ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ እጄ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው የምፈልገው» አለኝ። ዙህርን በአንዋር ሰግደን ወደ ገበያው ገባን።

የመጀመሪያው ሻጭ ከመስታወቱ ሣጥን ያወጣልን ቢጫ፣ ከባድ፣ ፊቱ ላይ «ሮሌክስ» የሚል የተጻፈበት ሰዓት ነበር። «ኦርጅናል ነው፣ በቀጥታ ከዱባይ የገባ» አለ። የጠየቀው ዋጋ የአክስቴን ልጅ የአንድ ወር ገቢ የሚያክል ነው። ለአንድ ሾፌር ብዙ ነው፤ ለእውነተኛ ሮሌክስ ግን ምንም አይደለም፤ እውነተኛው በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነውና። የሴኮንድ ቆጣሪውን ተመለከትኩ። በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ቀጥ እያለ ይዘላል። ይህ የባትሪ ሰዓት ምልክት ነው። ሮሌክስ በአሁኑ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሰዓት አያመርትም፤ የእርሱ ሴኮንድ ቆጣሪ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን እርምጃ ስለሚራመድ ለዐይን የሚንሸራተት ይመስላል። እርግጥ ነው፣ የሚንሸራተት ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ፎርጅዱም አውቶማቲክ ሞተር ሊኖረው ይችላል። ቀጥ እያለ የሚዘለው ግን ፎርጅድ የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው።

ይህንኑ ስነግረው ሻጩ ሳቀና፣ «ኡስታዝ፣ ለሠርግ ቀን ማን ጠጋ ብሎ ያያል?» አለኝ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ማንም ጠጋ ብሎ ባያይም አላህ (ሱ.ወ.) ያያል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በንግድ ማጭበርበርን አጥብቀው አውግዘዋል። ፎርጅዱን እያወቀ እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ ገዢውን ያታልላል፤ እያወቀ ለብሶ የሚታይም የሌለውን ሀብት ያለው በማስመሰል ተመልካቹን ያታልላል። ስም የሌለው ነገር ግን ራሱን የሆነ ርካሽ ሰዓት ከዚህ ይልቅ ክብር አለው።

የወርቅ ነገር

ወርቅ መልበስ ለወንዶች ሐራም፣ ለሴቶች የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቀፎው ወይም ማሰሪያው ከወርቅ የተሠራ ሰዓት ለሙስሊም ወንድ አይሆንም፤ በሙሽርነት ቀንም ቢሆን። በወርቅ የተቀባውን በተመለከተ ዑለማዎች እንደ ቅቡ መጠን ለያይተው ተናግረዋል፤ ቀለሙ ብቻ ቢጫ ሆኖ ወርቅ የሌለበትም አለ። ነገር ግን የሚያጠራጥረውን ትቶ የማያጠራጥረውን መያዝ ለልብ ዕረፍት ይሰጣል። የማይዝግ ብረት ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

ሰዓት እንደ ኪስና እንደ ኑሮ

ለተማሪና ሥራ ለጀመረ ወጣት። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤፍ-91ደብልዩ የሚባለው ባለ ቁጥር የፕላስቲክ ሰዓት እስከ ዛሬ ይመረታል። ክብደቱ 21 ግራም ነው፤ ባትሪው 7 ዓመት ያህል ያገለግላል፤ በወር ውስጥ የሚሳሳተውም ቢበዛ 30 ሴኮንድ ገደማ ነው። ለሱብሒ የሚቀሰቅስ ደወልም አለው። በውጭ አገር ከ20 እስከ 30 ዶላር ይሸጣል። ይህም ቢሆን ፎርጅድ አላጣውም። በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ለ3 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ሲይዙት እውነተኛው የካምፓኒውን ስም በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ስሙን ካላሳየ ይተዉት፤ ቢያሳይም የቀፎውንና የጽሑፉን ጥራት አብረው ይመርምሩ። በየሰዓቱ ጢጥ የሚለውን ድምፅ ግን ያጥፉት፤ በጀመዓ ሶላት መካከል ሰጋጁን ያውካል።

ለሾፌር፣ ለእጅ ባለሙያና ለመምህር። ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ባትሪ የሚጠቀም ባለ ብረት ሰዓት ተስማሚ ነው። በውስጡ ያለች ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበች ጊዜን ትለካለች። ሴኮ የተባለው የጃፓን ካምፓኒ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዋጋው እንደ መኪና ነበር። ዛሬ ግን ለሁሉም ኪስ የሚሆን ይገኛል። ባትሪ መለወጥ የሰለቸው ደግሞ የሲቲዝንን ኢኮ-ድራይቭ ይመልከት፤ በብርሃን ይሞላል፣ እኛ አገር ደግሞ ፀሐይ አልጠፋም።

ለነጋዴ፣ ለሙሽራና ለረጅም ጊዜ ለሚያስብ። እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላው አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው የሴኮ ፋይቭ ዝርያና የኦሪየንት ሰዓቶች ለሥራቸው ጥራት ዋጋቸው መጠነኛ ነው፤ አዲሱ ሴኮ ፋይቭ በውጭ አገር ከ200 ዶላር በላይ ያወጣል። ከዚያ ከፍ ያለ አቅም ላለው የስዊሱ ቲሶ አለ። ይሁን እንጂ አውቶማቲክ በቀን ከ20 ሴኮንድ በላይ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ እንደሚችል፣ ከእጅ ወልቆ ከቆየ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚቆም፣ በየጥቂት ዓመቱም ተፈትቶ መጽዳትና ዘይት መቀባት እንዳለበት ገዢው ይወቅ።

ውዱእና ሰዓት

የሰዓት መጽሔቶች የማይጽፉት፣ እኛ ግን የማንዘነጋው ጉዳይ ይህ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ሰዓቱን ከሌላው ሰው ይልቅ ያረጥበዋል። የቆዳ ማሰሪያ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ቶሎ ይሸታል፣ ይበሰብሳልም። የብረት፣ የጎማ ወይም የናይለን ማሰሪያ ይሻላል። ውኃ ከማሰሪያው ሥር ካለው ቆዳ መድረስ ስላለበት ሰዓቱ ላላ ብሎ ሊንቀሳቀስ የሚችል ይሁን፤ ካልሆነ መውለቅ አለበት። የሚያወልቁትም በኪስ ይክተቱት እንጂ ከቧንቧው አጠገብ አያስቀምጡት፤ በየመስጊዱ የሚረሳው ሰዓት ብዙ ነው።

ከኋላው «30 ሜትር» ተብሎ የተጻፈበት ሰዓት 30 ሜትር ጥልቀት ይዘውት የሚጠልቁበት አይደለም፤ የውኃ ርጭትን ይችላል ማለት ነው። ለመዋኘት 100 ሜትር የሚል ያስፈልጋል።

ከሰዓት ሠሪው ዘንድ

ከዐሱር በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተቀመጥን። ማጉያ መነጽራቸውን ከዐይናቸው ሳያወርዱ የአክስቴን ልጅ ስለ ሥራው ጠየቁት። «ሐጂ፣ ጭነት ነው የምነዳው፤ ጅቡቲ ድረስ እሄዳለሁ» አላቸው።

«እንግዲያውስ ልጄ፣ አንተ ሙቀት፣ አቧራና ንዝረት አለብህ። አውቶማቲኩን ተወው፤ ባለ ባትሪ፣ ባለ ብረት፣ 100 ሜትር የሚል ያዝ። ባትሪው ሲሞት ውስጡ አታቆየው፤ ይፈስና ሞተሩን ይበላዋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጎማው ይታይ፤ ጎማው ካረጀ ውኃ ይገባል።» ቀጥለውም ጥፍራቸውን በአንድ ሰዓት መስታወት ላይ መታ መታ እያደረጉ ስለ መስታወት አስረዱን። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫራል፣ ግን ተወልውሎ ይጠራል። ተራው መስታወት ይበልጥ ይችላል። ሳፋየር የተባለው ደግሞ በቀላሉ አይጫርም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የአክስቴ ልጅም ነጭ ብረት፣ ጥቁር ፊት ያለው የጃፓን ባለ ባትሪ ሰዓት ገዛ። ለቢጫው ሊከፍል ከነበረው ግማሽ ያህሉ ተረፈው፤ ያንንም ለመህሩ ጨመረው። ሙሽራዋ ከሩቅ የሚታይ ሰዓት ባታይም ከዚህ የሚጠቅማት አገኘች።

ቀኑ መቼ ይለወጥ?

ብዙዎቻችን ሰዓታችንን በአገራችን አቆጣጠር እንሞላለን። ቀን የሚያሳይ ባለ ዘንግ ሰዓት በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ 12 ላይ ሲደርስ ቀኑን ይለውጣል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ ግን እንደ አሞላሉ ጠዋት 12 ወይም ማታ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ማታ 12 ላይ እንዲለወጥ ያደረገ ሰው ሰዓቱ ከኢስላም ቀን ጋር ተቀራራቢ ይሆንለታል፤ በእኛ ዘንድ ቀኑ የሚጀምረው ከመግሪብ ነውና። በኦቶማን ግዛትም ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ነው ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ቱርክ ይህን አቆጣጠር የተወችው እ.ኤ.አ. በ1926 መግቢያ ላይ ነው። በዐረብ አገሮች ከሚሸጡት የሴኮ ፋይቭ ሰዓቶች መካከል የሳምንቱን ቀናት በዐረብኛ የሚያሳዩም አሉ።

የሶላት ወቅትና ቂብላ የሚያሳዩ ሰዓቶችም ይገኛሉ። ለመንገደኛ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም የከተማው ምርጫ በትክክል ካልተሞላ ወቅቱን ያሳስታሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ቂብላው ከሰሜን በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ መሆኑን ማወቁ ብዙ ወጪ ያድነዋል።

እንግዲህ ወንድሞች፣ ሰዓት ለመግዛት ስትነሡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እጄ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ለቤተሰቤ የሚያስፈልገውን ሳልነካ ስንት ማውጣት እችላለሁ? ሲበላሽ የሚጠግንልኝ አለ ወይ? ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ውድ ሰዓት አስሮ ጀመዓ የሚያመልጠው አለ፤ በፕላስቲክ ሰዓት ከኢቃማ በፊት ሰፍ ውስጥ የሚገኝም አለ። አላህ ዕድሜያችንንና ጊዜያችንን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።