ስኮርታውን አውርጄ በርበሬ የጫንኩበት ጉዞ



ሰሞኑን ሞያሌ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት እንደኔው ነጋዴ እህታችን የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ አዲስ የገዛችውን የጎማ ስፕሬይ አሳየችኝ። «ከእንግዲህ ስኮርታ ተሸክሜ አልዞርም፤ ቦታው ለዕቃ ሆነልኝ» አለች። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ልክ እንደ እሷ ተደስቼ ነበር። የደረሰብኝን ልነግራት ስጀምር ወረፋዋ ደረሰና ተለያየን። ስለዚህ ለእሷም፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ሁሉም እዚህ ልጻፈው።

ስፕሬዩን የወደድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን ከሐዋሳ ወደ ዲላ ብቻዬን እየነዳሁ ሳለ ዝናብ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ወርጄ ሳይ ሚስማር ነው። መሬቱ ጭቃ፣ ሰዓቱ መሽቷል። አንድ ዘመዴ የሰጠኝ ጣሳ በመኪናው ውስጥ ነበረና መመሪያውን አንብቤ በደንብ ናጥኩት፤ ቱቦውን ነፋስ ማስገቢያው ላይ አስሬ ነፋሁት። ጎማው ቀስ እያለ ተነሳ። ጭቃ ላይ ሳልንበረከክ፣ ማንንም ሳልለምን፣ ቀስ እያልኩ ዲላ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ጎሚስታው ጎማውን ሲከፍት ነጩ ፈሳሽ ልብሱ ላይ ፈሰሰና ተቆጣኝ፤ «ይሄን ነገር ስትነፊ አስቀድመሽ ንገሪ» አለኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ስለነበር ቁጣውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አዲስ አበባ ስመለስ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ኮሜርስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ሒሳብ ሳልሠራ አልወስንም። ስኮርታው ከነክሪኩና ከነመፍቻው ሃያ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱ ሲወጣ ከወለሉ ሥር ያለው ጉድጓድ 25 ኪሎ በርበሬና ሽሮ ይይዛል። ያን ጊዜ በኪሎ 120 ብር ስለማተርፍ በአንድ ጉዞ 3,000 ብር ነው። በወር ሁለት ጊዜ ብሄድ 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር። ሁለት ጣሳ ስፕሬይ ደግሞ 4,000 ብር። ሒሳቡ ምንም ስሕተት አልነበረውም።

ሹፌሬ ግን አልተዋጠላቸውም። ጋሼ ስድሳን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ከባድ መኪና ይዘው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኮርታውን አውርደን ዕቃ ቤት ስናስገባ ቆመው አዩና፣ «ልጄ፣ ስኮርታ እኮ ዕድር ነው» አሉኝ። «ዕድር የምንከፍለው ሰው እንዲሞትብን ፈልገን አይደለም። በየወሩ እየከፈልን ባንጠቀምበት ደስ ይለናል። እሱን አውጥተሽ ትርፍ ነው ትያለሽ?» እኔም «ጋሼ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አልኳቸው። ደመወዝ ከፋይዋ እኔ ነኝና ዝም አሉ።

አራት ጉዞ በሰላም ሄድን። በአምስተኛው የዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ናይሮቢ ኢስሊ ያሉ ደንበኞቼ ለጾሙ ሽሮና በርበሬ አዝዘዋል። ከሞያሌ ማዶ ዕቃውን ተረክቦ የሚያደርስልኝ መኪና በማግስቱ ጠዋት ይነሳል። ትምህርት ቤት የሴሚስተር ዕረፍት ስለነበር የአሥራ አራት ዓመት ልጄን «ሥራዬን ትይ» ብዬ ይዣት ወጣሁ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ፣ ከዚያም እስከ ዲላ ድረስ የትም ብትቆሙ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም። ከያቤሎ ወዲያ ግን ግራርና ኩይሳ፣ ግመልና ከብት ነው። ዱብሉቅን አልፈን ሜጋ ሳንደርስ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከብቶች መንገዱ ላይ ገቡ። ጋሼ እነሱን ለማሳለፍ ወደ ጠርዝ ሲወጡ የቀኙ የፊት ጎማ ከአስፋልቱ ወረደና ስለታም ድንጋይ ገመሰው። ስንወርድ ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል።

«ስፕሬዩን አምጪው» አልኳት ልጄን። ጋሼ በባትሪ ብርሃን ጎማውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀደደው መሬት የሚረግጠው ፊቱ ሳይሆን ጎኑ ነበር፤ ሁለት ጣት ያስገባል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። የመጀመሪያውን ጣሳ ነፋሁት። ነጭ አረፋ በቀዳዳው እየፏጨ ወጥቶ ቀሚሴን አለበሰው። ሁለተኛውንም ደገምኩ፤ እሱም እንደዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ። 4,000 ብሬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

ስኮርታ የለም። ክሪክም መፍቻም ከስኮርታው ጋር አዲስ አበባ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። የኔ ሒሳብ «ጎማ ካልቀየርን መፍቻ ምን ያደርጋል» የሚል ነበርና። መጀመሪያ የቆመልን ከባድ መኪና መፍቻው ለኛ ትንሽ ቡሎን አይሆንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ያቤሎ የሚመለስ ሚኒባስ ቆሞ ክሪክና መፍቻ አዋሰን። ጎማውን ፈተን መኪናዋን በድንጋይ ደገፍናት። ሚኒባሱ ሲሄድ፣ ወደ ሜጋ የሚሄድ ሌላ የጭነት መኪና ጋሼን ከነጎማቸው አሳፈራቸው። እኔና ልጄ ዕቃው ጋ ቀረን።

ያ ሌሊት ረጅም ነበር። አንድ የቦረና አዛውንት ብርሃናችንን አይተው ከመንደራቸው መጡ። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፣ እሳቸውም አማርኛ አይችሉም። ጎማ የሌላትን መኪና አዩ፣ ልጄን አዩ፤ ተመልሰው ሄደው ወተት ይዘው መጡ። ከዚያ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከመኪናው አጠገብ ተቀመጡ። አልሄዱም። ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ የሰማቻትን «ገላቶማ» ብላ ስታመሰግናቸው ሳቁ።

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ልጄ ነጠላዬ ውስጥ ተጠቅልላ፣ «እማዬ፣ ስኮርታው የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ያለው በርበሬ ስንት ያወጣል?» አለችኝ። ለነገር ብላ አይደለም፤ ንግድ ልማሪ ብዬ አይደል ያመጣኋት። ግን አፌን ከፍቼ ሦስት ሺህ ብር ያተርፋል ለማለት አቃተኝ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው በሌሊት ጎማ አሸክሜ የላክሁት፣ ልጄንም በማታውቀው ምድር ያሳደርኩት ለዚህ ነው ብዬ እንዴት ልመልስላት?

ጋሼ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ጎሚስታውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው፣ አሮጌ ጎማ በ5,000 ብር አስገጥመው፣ መታወቂያቸውን አስይዘው ክሪክና መፍቻ ተውሰው። ብርድ መቷቸው ያስላቸዋል። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

ሜጋ ላይ ዕቃውን ስንመልስ ጎሚስታው አንድ ነገር አስተማረኝ። ጋሼ ሌሊት ጎማውን ሲያቀርቡለት ነጩን አረፋ አይቶ ከሁሉ በፊት የጎማ መለጠፊያ እሳቱን አጥፍቶ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ አንዳንዱ ጣሳ ውስጥ ያለው ገፊ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑን ነገረኝ። ጋዙ ጎማ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ቸርኬውን ልበይድ ቢል ወይም እሳት ቢያስጠጋ ይፈነዳል። የዲላው ጎሚስታ «አስቀድመሽ ንገሪ» ያለኝ ስለ ልብሱ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ሞያሌ ስንደርስ የማዶው መኪና ሄዷል። ሌላ እስኪገኝ ሁለት ቀን አደርን፤ ለአልጋና ለምግብ 3,000 ብር፣ ለጫነን ሹፌር ምስጋና 1,000 ብር። ከጎማውና ከሁለቱ ጣሳ ጋር 13,000 ብር ሆነ። በአራቱ ጉዞ ከጉድጓዱ ያገኘሁት ደግሞ 12,000 ብር ነበር። ብሩ ይተካል። አዲስ አበባ ስንገባ ግን ጋሼ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ዕቃ ቤቱን ከፍተው፣ ስኮርታውን እያንከባለሉ አምጥተው ቦታው አስገቡትና፣ ነፋሱን ለክተው «ደኅና እደሪ» ብለውኝ ሄዱ። በማግሥቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁ፣ ጎሚስታዎችንም ጠይቄያለሁ። ስፕሬዩ ውሸት አይደለም፤ የራሱ ሥራ አለው። ውስጡ ያለው ላቴክስ የሚባል የጎማ ፈሳሽ ነው። ነፋሱ በቀዳዳው ሲወጣ ፈሳሹን ይዞት ይሄድና እዚያው ይረጋል። ስለዚህ የሚደፍነው መሬት የሚረግጠው የጎማው ፊት ላይ ያለ፣ እንደ ሚስማር ወይም እሾህ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የጎን ቅዳጅ፣ ፍንዳታ፣ የተጣመመ ቸርኬ ከሆነ አይሞከርም።

ስትጠቀሙበት ይህን አስታውሱ፦

ሚስማሩን አትንቀሉት፤ እሱ ራሱ ቀዳዳውን በከፊል ይዘጋዋል።

ከነፋችሁ በኋላ ሳትቆዩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ፈሳሹ ጎማው ውስጥ የሚዳረሰው ሲሽከረከር ነው። ከዚያ ቆማችሁ ነፋሱን ለኩ። እየወረደ ከሆነ አትቀጥሉ።

ፍጥነታችሁ ከ80 አይለፍ፤ ጣሳው ላይ ያነሰ ከተጻፈ እሱን ያዙ። በቅርብ ወዳለው ጎሚስታ እንጂ ወደ መድረሻችሁ አይደለም የምትነዱት።

ጎሚስታው ጎማውን ሳይነካ ስፕሬይ እንዳለበት ንገሩት።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን እዩ፤ ጊዜው ካለፈ ፈሳሹ ይደርቃል። ግፊት ያለው ጣሳ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳያገኘው ይጻፍበታል። ሞያሌ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ይህን ያልፋል። ስለዚህ መስታወት ሥር አትተዉት፤ ከዕቃ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

የጣሳውን መጠን ከጎማችሁ ጋር አመሳክሩ። ለቪትዝ የሚበቃው ለፒካፕ ወይም ለሚኒባስ ጎማ አይበቃም።

አንዳንዶቻችሁ «የኔ መኪና ሲመጣም ስኮርታ የለውም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች የሚመጡት በስኮርታ ፈንታ የመድፈኛ ጠርሙስና ትንሽ ኮምፕሬሰር ይዘው ነው። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ውስጥ ለሚነዳ ሰው አይከፋም። ሴት ልጅ ብቻዋን በጨለማ ጎማ ከምትፈታ ነፍታ ብርሃን ወዳለበት ብትሄድ እኔም እመርጣለሁ። ግን ክፍለ ሀገር ከመውጣታችሁ በፊት ለመኪናችሁ ቸርኬ የሚስማማ ስኮርታ፣ ቀጭኑንም ቢሆን፣ ፈልጉ፤ ክሪክና መፍቻም እንዳይረሳ። ስኮርታ ያላችሁም ነፋሱን በየወሩ አስለኩት። ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ በችግር ቀን ተንፍሶ የተገኘ ስኮርታ ስንት ሰው አሳድሯል።

ስፕሬዩ የሚያደርሰው እስከ ጎሚስታው ድረስ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበት መንገድ ላይ ቀጣዩ ጎሚስታ የት እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ። የኔ ሒሳብ የጎደለው ያ ጥያቄ ነው። ኪሎውን ቆጠርኩ፣ ብሩን ቆጠርኩ፤ በዱብሉቅና በሜጋ መካከል ያለውን ጨለማ አልቆጠርኩም።

አሁን ሁለቱንም እይዛለሁ። ጣሳው ከወንበር ሥር፣ ስኮርታው ከቦታው ነው። 25 ኪሎው በርበሬ በሚቀጥለው ጉዞ ይሄዳል። ጋሼም አሁንም አብረውኝ ናቸው፤ ከመነሳታችን በፊት ወለሉን ገለጥ አድርገው ስኮርታውን በቡጢ መታ መታ ያደርጉና፣ «ዕድራችን ተከፍሏል፤ እንሂድ» ይላሉ።

ሞያሌ ላይ ያገኘሁሽ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ስኮርታሽን ወደ ቦታው መልሺው። ሰላም ያግባን።