በዝናብ የሚታይ አገር፤ የኦሪገን ጠረፍ

አገር ለማየት የሚነሣ ሰው ሁሉ ፀሐይን ይመኛል። ፎቶግራፍ የሚያምረው፣ ተራራውም ከነጫፉ የሚታየው በብራ ቀን ነውና በምኞቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ኦሪገን የወረደ መንገደኛ ብራ ቀን እጠብቃለሁ ቢል፣ በሆቴሉ መስኮት ሲመለከት ፈቃዱ ያልቅበታል። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌንና ነሐሴን እናስባለን፤ በዚያ ግን በጋው ደረቅ ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው በብርዱ ወራት ነው። በሰሜን ጫፍ ባለችው በአስቶሪያ ከተማ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። በፖርትላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በመኪና ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከዚህ ጠረፍ ይደርሳል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ምን ይታያል?

ጉዞው ከአስቶሪያ ሲጀመር ቁጥር 101 የተባለው አውራ ጎዳና ባሕሩን በቀኝ አድርጎ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን 580 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ውቅያኖሱ ፓሲፊክ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሰላማዊ ማለት ነው። በጥር ወር ያየው ሰው ግን ስሙን ያወጣለት መርከበኛ በመልካም ቀን የመጣ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ከአስቶሪያ አጠገብ በ1906 ዓ.ም. አሸዋ ላይ ወጥቶ የቀረው የፒተር አየርዴል መርከብ የብረት አጽም ዛሬም ቆሞ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቂት ወረድ ሲሉ ካነን ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከፊቷ በባሕሩ ውስጥ የቆመው ትልቅ ቋጥኝ ቁመቱ 72 ሜትር ያህል ነው፤ ጭጋግ ሲወርድ ግን እግሩ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በስተደቡብ ሀግ ፖይንት በተባለው ስፍራ ዓለቱ ላይ የተፈለፈለ ጠባብ መንገድ ይገኛል። አውራ ጎዳናው ሳይሠራ በፊት ፖስታና መንገደኛ የጫነ የፈረስ ሠረገላ በአሸዋው ላይ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ባሕሩ እስኪሸሽ ይጠብቅና ገደሉን ታክኮ ያልፋል።

ይህ አሮጌ መንገድ አንድ ትልቅ ነገር አስገኝቷል። ኦስዋልድ ዌስት የተባሉት የኦሪገን አገረ ገዥ የባሕሩ ዳርቻ በባለጸጎች እየተገዛ እንዳይታጠር ሠግተው፣ በ1913 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እርጡቡን አሸዋ የሕዝብ መንገድ ነው ብሎ እንዲደነግግ አደረጉ። ሕጉ አጭር ነበር፤ መንገድን ማንም አያጥርምና ዳርቻው ለሁሉ ቀረ። በ1966 ዓ.ም. ግን በካነን ቢች አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ብሎ አጠረው። ሕዝቡም ተቆጣ፤ አገረ ገዥው ቶም ማኮል በግንቦት 1967 ዓ.ም. ከባለሙያዎች ጋር በሄሊኮፕተር ወርደው የሕዝቡ ድርሻ እስከ የት እንደሚደርስ በአሸዋው ላይ አስለኩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የጸደቀው ሕግ ሣርና ቁጥቋጦ እስከሚበቅልበት ድረስ ያለውን አሸዋ ለሁሉ ክፍት አደረገው። ስለዚህ ዛሬ ካፖርቱን ደርቦ በዝናብ የሚመላለስ መንገደኛ የማንንም አጥር ሳይለምን ይራመዳል።

ከዚያ ዲፖ ቤይ ይደረሳል። በታኅሣሥ መጨረሻ ከአላስካ ወደ ሜክሲኮ የሚጓዙ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ ያልፋሉ። ማዕበሉ ሲበረታ ውሃው በዓለቱ ቀዳዳ ወደ ላይ እየተተኮሰ መንገዱን ሁሉ ያርሳል።

ኒውፖርት ሲደርሱ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የያኪና ድልድይ በዝናቡ መካከል ብቅ ይላል። በ1936 ዓ.ም. በጠረፉ ላይ አምስት ታላላቅ ድልድዮች ተሠርተው አለቁ፤ ከዚያ በፊት መንገደኛው በእነዚያ ስፍራዎች በጀልባ ይሻገር ነበር። ንድፋቸውን ያወጣው ኮንዲ ማከላ ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት የድልድይ መሐንዲስ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳለም ሕግ ተምሮ በ1928 ዓ.ም. ተመረቀ። ወር በገባ ቁጥር ደመወዙን የሚጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሥራ ትቶ አለፈ! ይሁን እንጂ ጨው ያዘለው ዝናብና ነፋስ ሥራውን መብላቱን አልተወም። ከአምስቱ አንዱ፣ የአልሲ ድልድይ፣ በውስጡ ያለው ብረት ስለዛገ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። በሌሎች አሮጌ ድልድዮች ላይ ደግሞ ስሚንቶው ዚንክ እየተረጨበት ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ያልፍበታል፤ ዝገቱ ከብረቱ ይልቅ በዚንኩ ላይ እንዲያርፍ ነው። ድልድይ መሥራት አንድ ነገር፣ መጠበቅ ሌላ ነገር መሆኑን በብራ ቀን የሚያልፍ ሰው ልብ አይለውም።

ኬፕ ፐርፔትዋ በተባለው ከፍታ ሥር ባሕሩ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይፈላል። ለማየት እጅግ ያስደንቃል፤ ሆኖም በዚህ ጠረፍ ከሌሎቹ እጥፍ የሚበልጥ ሞገድ ሳይታሰብ ይመጣና ሰው ይወስዳል። ከባድ ግንድ እንኳ ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ተነሥቶ ይንከባለላል፤ በላዩ የቆመውን ይጨፈልቃል። ስለዚህ ለባሕሩ ጀርባ መስጠት፣ ግንድ ላይ መውጣት፣ አጥር ማለፍ ለፎቶግራፍ ሲሉ ነፍስን መስጠት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ የመሄድ ዕድል ቢያጋጥምህ ማልደህ ተነሣ፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የመኪናህን መብራትና የዝናብ መጥረጊያ መርምር፤ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት አስቀድመህ ጠይቅ። በመሸም ጊዜ ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ የሚበራውን የሄሲታ ሄድ የመብራት ማማ ቁመህ ተመልከት። ብርሃኑ 33 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲደርስ የተሠራው እንዲህ ላለው ሌሊት ነው።