«ጡብ ለማየት ነው የመጣኸው?»

ላይፕዚግ የገባሁት በጥቅምት መገባደጃ፣ ካፊያ አስፋልቱን ሲያረጥብ ባመሸበት ቀን ነው። ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዣለሁ። ባቡሩ የሚቆምበት ጣቢያ በ1915 ተሠርቶ ያለቀ፣ በስፋቱ ከአውሮፓ ታላላቆች አንዱ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ መውጫው ሳመራ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። አንድ ነገር የተፈጠረ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ሸራ ተወጥሮ ፊልም እያዩ ነው። ትኬት የሚጠይቅ የለም፤ በር ላይ የሚቆምም የለም። ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች አሮጊት፣ ብስክሌቱን የተደገፈ ጎረምሳ፣ ባቡሩ ዘግይቶበት ሰዓቱን የሚያይ ባለ ክራቫት፣ ሁሉም ዘጋቢ ፊልም እያዩ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ውጭ በብርድ ስትጠብቀኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ስልኬን ባታንጫርረው ኖሮ እስከ መጨረሻው እቆም ነበር።

«የት ገባህ አንተ ልጅ? ጠፋህ ብዬ ለፖሊስ ልነግር ነበር እኮ!»

«እትዬ፣ ፊልም እያየሁ ነው።»

«ሳትታጠብ? እህል ሳትቀምስ?»

እትዬ ላይፕዚግ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ነው የምትተዳደረው። የመጣሁት ለከተማዋ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል መሆኑን ስነግራት «ጦርነትና ሂትለር ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ የተሻለ ግምት አልነበረኝም። የጀርመን ዘጋቢ ፊልም ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው በጥቁርና ነጭ የሚሰለፍ ወታደር፣ ቀጥሎም የበርሊን ግንብ ነበር።

ይህ ሐሳቤ ፍጹም ስህተት ነው ማለት አልችልም። ጀርመኖች በዚህ ሙያ ያረፈባቸውን ጠባሳ ራሳቸው ያውቁታል። ሌኒ ሪፈንሽታል በ1935 ያወጣችው የናዚዎች የጉባኤ ፊልም ካሜራ ምን ያህል አሳምሮ ሊዋሽ እንደሚችል ለዓለም ያስተማረ ሥራ ነው። በ2024 ደግሞ አንድሬስ ፋይል የሚባለው አዘጋጅ ሴትዮዋ ትታው ያለፈችውን የግል ማኅደር በርብሮ፣ በስተርጅናዋ ስለ ራሷ የተናገረችውን ከገዛ ወረቀቶቿ ጋር የሚያፋጥጥ ፊልም ሠራ። በገዛ ሙያቸው ላይ የተሰየመ ችሎት ነው ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሥራ ከመግባቷ በፊት ከጣቢያው ብዙም ወደማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝና ማማውን በጣቷ አሳየችኝ። «ከዚያ ላይ ሆነው ነው የቀረጹት» አለችኝ። ጥቅምት 9 ቀን 1989 ምሽት 70,000 ያህል ሰው የምሥራቅ ጀርመንን መንግሥት ተቃውሞ በዚህ መንገድ ሲያልፍ፣ አራም ራዶምስኪና ዚግበርት ሼፍከ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ማማው ላይ ተደብቀው ካሜራቸውን ወደ ታች አነጣጠሩ። በከተማው የውጭ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ተከልክሏል። ካሴቱ በድብቅ ወደ ምዕራብ ተሻገረና በማግስቱ ምሽት በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ታየ። በአንቴናቸው የምዕራቡን ጣቢያ የሚስቡ ምሥራቆች የገዛ ከተማቸውን ያዩት በጎረቤት መስኮት ነበር። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ የተባለውን ሁሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ከማማው ሥር ቆሜ አንገቴን ሳቀና ግን ያሰብኩት ስለ ሁለቱ ሰዎች ጉልበት ብቻ ነበር፤ በዚያ ብርድ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ስንት ሰዓት ቆዩ?

ፌስቲቫሉ ራሱ የተወለደው በዚያው ሥርዓት፣ በ1955 ነው። ሽልማቱ ወርቃማ ርግብ ናት፤ ከፒካሶ ርግብ የተቀዳች። ሰላም እየተሰበከ፣ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ግን ባለሥልጣን የሚወስንበት ዘመን ነበር። ያም ሆኖ በ1988፣ ግንቡ ሊፈርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ሄልከ ሚሰልቪትስ የምትባል አዘጋጅ እዚሁ ላይፕዚግ ያቀረበችው ፊልም አለ። ባቡር ተሳፍራ ከአገሪቱ ደቡብ እስከ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ እየተጓዘች ሴቶችን ታነጋግራለች። ታሪኩን የምትጀምረው ከራሷ ነው፤ የተወለደችው የባቡር ሐዲድ መዝጊያ ተዘግቶበት በቆመ አምቡላንስ ውስጥ ነው። ስለ መንግሥት አትጠይቅም። የምትጠይቀው ስለ ሥራ፣ ስለ ባል፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ድካም ነው። ሴቶቹ ሲመልሱላት ግን አገሪቱ በሙሉ ስትናዘዝ ትሰማላችሁ።

ከፌስቲቫሉ ሰዓት የተረፈኝን ምሽት የማሳልፈው እትዬ ሳሎን ነበር። በቤተ መጻሕፍት ካርዷ አሮጌ የጀርመን ፊልሞችን ዲቪዲ አዋሰችኝና ከሥራ ስትመለስ አብረን እናያለን። የመጀመሪያው የሃሩን ፋሮኪ ሥራ ነው፤ የ2009፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ። ጉዳዩ ጡብ ነው። አዎ፣ ጡብ። እትዬ የዲቪዲውን ጀርባ አንብባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጡብ ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው? ምነው ካዛንቺስ ጠፍቶ?»

ፊልሙ ጀመረ። ተራኪ የለውም፤ የሚሰማው የሥራው ድምፅ ብቻ ነው። በቡርኪና ፋሶ መንደር ሰው ተሰብስቦ ሴቱ ውኃ ይቀዳል፣ ጭቃ ይረገጣል፣ ጡብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ከዚያ ሕንድ። ከዚያ አውሮፓ፤ ፋብሪካው ሰፊ ነው፣ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ በመጨረሻም ሮቦት ጡብ ይደረድራል። ፋሮኪ ይኼኛው ይሻላል፣ ያኛው ኋላ ቀር ነው ብሎ አንድ ቃል አይተነፍስም። እትዬ ግን ዝም አላለችም። ቡናዋን አስቀምጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ጭቃ ገና አልተረገጠም» አለች። «የአባባ ቤት ሲመረግ ጭዱ ተጨምሮበት ስንት ቀን ተረግጧል መሰለህ። ደቦው ሲመጣ እኛ ልጆቹ ነበርን የምንረግጠው። ጠላው ደግሞ…»

ጠላው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተለወጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ አባቷ ቤት ጭቃ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ያንን ምሽት ጠየቃት የምለው አንድ ጀርመናዊ ነው፤ በጡብ።

ከዚያ በኋላ ፊልም የምትመርጠው እርሷ ሆነች። በሚቀጥለው ምሽት ያየነው ፊሊፕ ግሮኒንግ በፈረንሳይ ተራሮች በሚገኝ ጥብቅ ገዳም የሠራውን ነው። ሰውዬው ፈቃድ የጠየቀው በ1984 ነው። መነኮሳቱ አሁን ተዘጋጅተናል ብለው የመለሱለት ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ከቆዩ ከሚስት ይወልዳሉ ይላል ያገሬ ሰው፤ ተረቱ ለመነኩሴ ባይሆንም ለግሮኒንግ ሠርቶለታል። ብቻውን ገብቶ፣ ለወራት አብሯቸው እየኖረ፣ ያለ ተጨማሪ መብራትና ያለ ትረካ ቀረጸ። በ2005 የወጣው ፊልም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ የሚነገርበት ደግሞ ከስንት አንዴ። ጸሎት፣ እንጨት ፈለጣ፣ የልብስ ስፌት፣ በረዶ። ወደ ማለቂያው ላይ ግን እነዚያ ዝምተኛ አባቶች በበረዶ የተሸፈነ ቁልቁለት ላይ እንደ ሕፃን እየተንሸራተቱ ሲስቁ ይታያሉ። እትዬ አማተበች፤ ከዚያ አብራቸው ሳቀች።

በሦስተኛው ምሽት ያየነው ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍል ነው። ማሪያ ሽፔት በ2021 በበርሊን ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት ያገኘችበት ፊልም 217 ደቂቃ ይፈጃል። ቦታው ሽታትአለንዶርፍ የምትባል የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ጥይት ያመርቱባት የነበረች፣ ዛሬ ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩባት። መምህር ባኽማን የሹራብ ቆብ ያጠልቃሉ፣ ጊታር ይመታሉ፤ ጀርመንኛ ገና የሚኮላተፉ ልጆችን ያስተምራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ ወደ የትኛው ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚያልፉ መወሰን አለባቸው፤ በጀርመን ይህ ውሳኔ በለጋነት ይመጣል። አጠገቤ ያለችው እትዬ ራሷ በጎልማሳነቷ ከፊደል የጀመረች ናትና ሦስት ሰዓት ተኩሉን ከወንበሯ ሳትነሣ ጨረሰችው።

ዝርዝሩን ልቀጥል ብል መጽሔቱ አይበቃም። በርንሃርት ግርዚሜክ የሴሬንጌቲን እንስሳት በአውሮፕላን ሆኖ ሲቆጥር የሠራው ፊልም ኦስካር አግኝቷል፤ አብሮት የሠራው ልጁ ግን ቀረጻው ሳያልቅ በ1959 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ቪም ቬንደርስ በ2011 የፒና ባውሽን ጭፈራ የቩፐርታል ከተማ ሰማይ ላይ በተንጠለጠለው ባቡር ውስጥ ሳይቀር አሳይቷል። ከኮሪያ የመጣችው ቾ ሱንግ ህዩንግ ደግሞ ቫከን የተባለ የላም አርቢዎች መንደር የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ወዳጆች በየዓመቱ ሲያጥለቀልቁት ገበሬዎቹ ምን እንደሚሉ ቀርጻለች። ቬርነር ሄርዞግም ለ2016ቱ የእሳተ ገሞራ ፊልሙ አፋር ወርዶ ኤርታሌን ቀርጿል፤ በዚያው በረሃ ተንበርክከው የጥንት ሰው አፅም የሚለቅሙትንም ጨምሮ። ከአገሬ ወጥቼ አገሬን በጀርመን ካሜራ ሳይ ልቤ መሞቁን አልደብቅም።

ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? እትዬ ትከፍላለች። በጀርመን ቴሌቪዥን አየም አላየም እያንዳንዱ ቤት ለሕዝብ ብሮድካስት በወር ይከፍላል፤ ከ2021 ጀምሮ 18.36 ዩሮ። ብዙዎቹ ዘጋቢ ፊልሞች ከዚህ ገንዘብና ከየክልሉ የፊልም ድጎማ ነው የሚወለዱት። ባለሙያዎቹ ፊልማችን የሚታየው ሰው ከተኛ በኋላ ነው እያሉ ያማርራሉ። እትዬ ደግሞ ደረሰኙ በመጣ ቁጥር ታማርር ነበር። «ለካ ለጡቡ ነው የምከፍለው» አለችኝ አንድ ማታ።

የመጨረሻ ቀኔን የሰጠሁት ጎልሶ ለምትባል መንደር ነው። ከበርሊን ወደ ፖላንድ ድንበር የሚሄደውን ትንሽ ባቡር ይዤ፣ ሜዳው እንደ ምጣድ ለጥ ባለበት አገር ወረድኩ። በኦደር ወንዝ ዳር ያለ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ረግረጉ ተጠንፍፎ የታረሰ ምድር ነው። መንደሯ በእግር ወዲያው ታልቃለች። በነሐሴ 1961፣ የበርሊን ግንብ በተሠራ በሳምንታት ውስጥ፣ ቪንፍሪድ ዩንገ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ካሜራ ይዞ እዚህ መጣ። የሚቀርጸው የአንደኛ ክፍል ልጆች የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ነው። የሠራው ሩብ ሰዓት የማይሞላ ፊልም ነው። ከዚያ ግን ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። በኋላ ባለቤቱ ባርባራም ገባችበትና የ18 ልጆችን ሕይወት እስከ 2007 ድረስ ተከታተሉ። 20 ፊልም ወጣው። ልጆቹ አደጉ፣ ተዳሩ፣ ወለዱ፣ ተፋቱ፤ የኖሩበት መንግሥት ፈረሰ፣ ሥራ ያጡ አሉ፣ የሞቱም አሉ። እኛ ተረታችንን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለን እንደምንዘጋው፣ ጀርመኖች «ካልሞቱ ዛሬም አሉ» ብለው ይዘጋሉ። ዩንገዎች የመጨረሻ ፊልሞቻቸውን የሰየሙት በዚህ መዝጊያ ነው።

ጎልሶ ለልጆቹ ፊልም የተሰጠ ትንሽ ሙዚየም አላት። በ2015 የመንደሩ ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል የሚበቃ ልጅ ሲያጣ የስደተኛ የሶርያ ቤተሰቦች መጡና ክፍሉ ተከፈተ። ስለ እነርሱም ሌላ አዘጋጅ ፊልም ሠራች። በትምህርት ቤቱ አጥር ዳር ሳልፍ የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ ልጆች እየተንጫጩ ወጡ። ቦታው ምንም የተለየ ነገር የለውም። ግቢ፣ ዛፍ፣ ኳስ። ያው እኔ የተማርኩበትን ነው የሚመስለው።

የገባኝ እዚያ ነው። የጀርመን ዘጋቢ ፊልም ጉዳይ የበዛለት አገሪቱ ከሌላው የበለጠ ጉዳይ ስላላት አይደለም። ጡብ የሌለው አገር የለም፤ አንደኛ ክፍል የሌለው መንደርም ጥቂት ነው። የበዛላቸው ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው፣ ከዚያም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ስላላቸው ነው።

እንግዲህ ካሜራ ላላችሁ፣ ጥሩ ስልክ ላላችሁም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጪው መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት የሰፈራችሁን አንደኛ ክፍል አስፈቅዳችሁ ግቡና አንድ ቀን ቅረጹ። ከዚያ በዓመቱ ተመለሱ።