ከዝናብ ዱዓ በፊት የሚመለስ ሐቅ

ውርጌሳ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ጂዳ



እታለሜ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ቡናውን ራሷ ካላፈላች እሺ አትልም። በረካው ላይ ስትደርስ ዱዓዋን የምትጀምረው ባንቺ ስም ነው። የላክሽው ገንዘብ ደርሶን የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይረንበታል፤ አላህ ይተካልሽ።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። «እዚህ ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ይብሳል፣ እናንተም ዝናቡ ዘገየ ትላላችሁ፤ ይኼ ነገር የአላህ ቁጣ ነው ወይስ የሰው ሥራ? ቀደር ከሆነስ እኛ ምን አቅም አለን?» ብለሻል። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ዝናብ በአላህ እጅ ነው፤ ይኼንን ላንቺ መንገር አይጠበቅብኝም። ግን ቁርኣን በሱረቱ ሩም በየብስና በባሕር የሚታየውን ብልሽት ከሰው እጅ ሥራ ጋር ያያይዘዋል። ሰው ውጤቱን የሚቀምሰውም ምናልባት ቢመለስ ተብሎ ነው። ስለዚህ ቀደርን ማመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። መመለስ የሚባል ሥራ ተሰጥቶናል።

የሰው እጅ ምን እንደሠራ ዛሬ የተሰወረ ነገር የለም። የበለፀጉት አገሮች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲያነዱ ኖሩ። ከዚያ የሚወጣው አየር ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን እንደ ድርብ ጋቢ ሸፈናት፤ ሙቀቷም መውጫ አጣ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2024 በመለኪያ ከታወቁት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሆኖ ተመዘገበ። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባሕሩ ሲሞቅ ድርቁም ጎርፉም ይበረታል። የኛ ገበሬ ደግሞ በሚያዝያ ዝናብ የሚዘራውን ማሽላ እስከ ኅዳር የሚጠብቅ ሰው ነው። የሚያዝያው ከቀረበት ወደ ጤፍ፣ ወደ ማሾና ወደ ሽምብራ ይዞራል፤ የክረምቱም ቶሎ ከወጣበት እጁ ባዶ ይቀራል።

የ2016ቱን ሐጅ አንቺ እዚያው ቅርብ ሆነሽ ሰምተሻል። በሰኔ ወር መስጂደል ሐረም ውስጥ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደረሰ፤ የሳዑዲ መንግሥትም 1,301 ሰው መሞቱን አስታወቀ። ከሟቾቹ የሚበዙት የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ድንኳንና ማረፊያ አጥተው በፀሐይ ረጅም መንገድ የሄዱ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ሳንቲም አጠራቅሞ በሄደ ድሃ ላይ ነው ሙቀቱ የበረታው። የሃይማኖታችንን አምስተኛ ማዕዘን ሊፈጽም የወጣን ሰው የሚገድል ነገር እንዴት የሃይማኖት ጉዳይ አይሆንም? «የአየር ለውጥ የፈረንጅ አጀንዳ ነው» የሚሉኝን ሰዎች ስሰማ ልቤ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ዝናብ ሲጠፋ ሸሆቻችን ለሶላተል ኢስቲስቃእ ወደ ሜዳ ሲያወጡን ታስታውሻለሽ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በበኩላቸው ምሕላ ይዘው «እግዚኦ» ይላሉ። ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፣ ኢስቲግፋር ይበዛል፣ ኢማሙ ልብሱን ገልብጦ ይለብሳል። ግን የፊቅህ ሰዎች ከሜዳው በፊት የሚያዙት ነገር አለ፦ የተጣላ ይታረቅ፣ ሰደቃ ይውጣ፣ የሰው ሐቅ የያዘ ለባለቤቱ ይመልስ። የሰው ሐቅ ካለበት ተውባው የሚሞላው ሐቁ ሲመለስ ነውና። የባልንጀራውን ድንበር ገፍቶ ያረሰ ሰው ድንበሩን ሳይመልስ እጁን ወደ ሰማይ ቢዘረጋ ምን ይባላል? ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ የዘመናችን የአየር ለውጥ የተወሰደ ሐቅ ነው፣ መፍትሔውም መመለስ ነው።

ሐቁ በመጀመሪያ ያለው ከበለፀጉት አገሮች ዘንድ ነው። አፍሪካ በሙሉ ወደ ሰማይ የምትለቀው የተቃጠለ አየር ከዓለም 4 በመቶ አይሞላም። በነሐሴ 2007 ኢስታንቡል የተሰበሰቡ የሙስሊም ምሁራን ባወጡት መግለጫ፣ ሀብታም አገሮችና ነዳጅ አምራቾች ቢዘገይ እስከ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ልቀታቸውን እንዲያቆሙ ጠይቀዋል። ከነዳጅ አምራቾቹ ብዙዎቹ የሙስሊም አገሮች ናቸው፤ ምሁራኑ ግን «ወገን ናቸው» ብለው አላለፏቸውም። በኅዳር 2016 በዱባዩ የአየር ንብረት ጉባኤ ለተጎዱ አገሮች የሚውል የኪሳራ ፈንድ ሥራ እንዲጀምር ተወሰነ፤ ያኔ ቃል የተገባው ግን በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ብቻ ነው። በ2008 በእኛ አገር ብቻ በኤልኒኞው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንዳስፈለገው ስታስቢ የገንዘቡን ማነስ ታያለሽ። ይኼ ገንዘብ ሰደቃ አይደለም። ዕዳ ነው፣ ዕዳ ደግሞ አንገት ሳይደፉ ይጠየቃል።

የኛ ድርሻ ትንሽ ነው ብለን ግን አማናውን ከትከሻችን ማውረድ አንችልም። ድርቅ ብቻውን ሕዝብ እንደማይጨርስ ከወሎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1965 እና በ1966 ሰው በዚሁ በደሴ–ወልዲያ አስፋልት ዳር ሲረግፍ መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ነበር፤ በ1977 ደግሞ ጦርነትና ፖለቲካ ተጨመረበት። ሰማዩ ሲጨክን ሰው ያለው እንደሆነ ሰው ይተርፋል፤ ሰው የጠፋ እንደሆነ ነው የሚያልቀው።

እኛስ ከዚህ መሬት ምን ወስደናል? ተራራውን ለከሰልና ለማገዶ አራቁተነዋል፤ ውሃው አፈሩን ይዞ ወደ አፋር ይወርዳል። ከመቃብሩ ግቢ ያለውን ወይራና ግራር ግን ማንም አይነካውም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል፤ ሒማ የሚባል ለግጦሽ የተጠበቀ መሬትም ነበራቸው። አያቶቻችን የመቃብሩን ዛፍ የጠበቁት በዚሁ ልማድ ነው። በየጁዋ ዳና ቁርኣንና ኪታብ የቀሩ ዑለሞች አገር ልጆች ሆነን ሒማን ለሙታን ብቻ መተው አይገባንም፤ ተራራውንም እናስከልለው።

ደግሞ ከባዶ አንነሳም። እርከን በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ይሠራል፤ የጎደለው ጥበቃው ነው፣ የተተከለውን ፍየል ይበላዋል። እዚሁ ሐብሩ ወረዳችን ውስጥ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች አውጥቷል። ነባሩን ዘር ሳንጥል እነሱንም መያዝ ከተወኩል አይቃረንም፤ ግመልን አስረሽ ተመኪ ነው የተባልነው።

እታለሜ፣ አሁን የምለምንሽን ልንገርሽ። እዚያ ያላችሁት የውርጌሳ ልጆች ለመስጊዳችን ሁለተኛ ሚናራ ማሠሪያ መዋጮ መጀመራችሁን ሰምቻለሁ። ኒያችሁን አላህ ይቀበላችሁ። ግን አንቺ በስሜ ጠይቂልኝ፤ ሚናራው ይቆይና መጀመሪያ የጣሪያውን ዝናብ የሚያጠራቅም ታንከር ይሠራ፣ ከውዱእ የሚፈሰውም ውሃ በቦይ ወደ ችግኝ ይሂድ። ረሱል ውዱእ ያደረጉት በአንድ ሙድ፣ ከሊትር ባነሰ ውሃ ነው፤ እኛ ቧንቧ ከፍተን ስንት እናፈሳለን! በቀረው ገንዘብ ከመስጊዱ በላይ ላለው ተራራ ጠባቂ ይቀጠር። አንድ ሰው ከተከለው ዛፍ ወፍም ከብትም ሰውም ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ነው፤ ሰደቀቱል ጃሪያ ከዚህ በላይ ምን አለ? ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ለጀመዓው ልነግር ተዘጋጅቻለሁ፤ የናንተ ድጋፍ ካለ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ይሰሙኛል።

ራስሽን ጠብቂ። በዚያ አገር በሙቀቱ ወራት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ሠራተኛ ማሠራት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ቤት ውስጥ ብትሠሪም በዚያ ሰዓት ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ አትውጪ፤ ውሃ ጠጪ፣ ራስሽን ካዞረሽ ዝም አትበዪ። አብሽሪ፣ ሁሉም ያልፋል። መዋጮውን በተመለከተ ልጆቹ ያሉትን ከጁሙዓ በፊት አሳውቂኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።

የሚወድሽ ወንድምሽ