የቡታጅራ አይብ

ባለፈው ወር ለለቅሶ ቡታጅራ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስመለስ ገበያው ገባሁ፤ ያስገባኝ የባለቤቴ ነገር ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ካለ ወዲህ ሐኪሙ ጨው ቀንስ ስላለው፣ በየጠዋቱ የሚወደውን ባለ ፎርማጆ ኦምሌት ከለከልኩት። ፎርማጆ ጨው ይበዛዋል። እሱም አኩርፎ ቁርስ መብላት ተወ። ስንት ዓመት ሰው ስመክር የኖርኩ ነርስ የራሴን ሰው ማብላት አቃተኝ።

አይብ በኮባ ጠቅልላ የተቀመጠች ሴት «እማማ፣ ይቅመሱ» አለችኝ። ጨውም ቅመምም ያልገባበት፣ ትኩስ መሆኑን ጠይቄ ገዛሁ። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተነሳለት አሬራ ስለሆነ ስቡ አነስተኛ ነው።

ቤት ስደርስ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅሁት። እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፤ ውሃው ካልወጣለት እንቁላሉን ያረጥበዋል። ጎመኑንም ቀቅዬ ጨመቅሁ፤ ሽንኩርቱን አስቀድሜ አበሰልኩ። በሁለት እንቁላል ላይ ሁለት ማንኪያ አይብ፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና ጥቂት ቃሪያ ጨምሬ፣ ከድኜ በደንብ እስኪረጋ ጠበቅሁ። የገበያ አይብ ብዙ እጅ ይነካዋል፤ በተለይ ለሕፃናትና ለአረጋውያን በደንብ ሳይበስል አይቅረብ።

ባለቤቴ ቀመሰና ዝም አለ። «ጨው የለውም» ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ነገ ቃሪያውን ጨመር አድርጊበት» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «ነገ» የምትለዋን ብቻ ነው።