የቦዮ ዳር ፕላን

ጥር 13፣ 2017። ሆመቾ

ጠዋት የሚቆረጥም ብርድ፣ ቀን ደረቅ ፀሐይ። አቧራው ደጃፋችን ደርሷል።

የእህቴ ልጅ ከሆሳዕና መጣ። ስልኩ በፎቶ ተሞልቷል። ሁሉም የሐይቅ ዳር ሎጅ ነው፤ የማላዊ፣ የኬንያ፣ የዛምቢያ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ የሣር ክዳን፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የሸንበቆ ወንበር። «ጋሼ፣ እንዲህ አድርገህ ፕላን አውጣልኝ» አለኝ። የት? ቦዮ ሐይቅ ዳር። ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ነግዶ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። ስለ መሬቱም መጠየቅ ጀምሯል።

እሺም እንቢም አላልኩትም። ትልቁን ወረቀት ግን ገዛሁ።

ጥር 16

በረንዳውን ጀመርኩ። ሲስሉት ቀላል ነው። መስመሩ ያምራል።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየሁ። አንዱም ላይ ማዕድ ቤት አይታይም። የሠራተኛ መኝታ አይታይም። ውኃ የምትቀዳ ሴት የለችም። ሁሉም ከዛፉ ጀርባ ነው። ቤቱ መጀመሪያውኑ እንዲህ ታስቦ የተሠራ ነው። ኬንያ ውስጥ ዛፍ ላይ የተሠራው ሎጅ፣ ትሪቶፕስ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ተከፈተ። ልዕልት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1952 አባቷ ሞቶ ንግሥት የሆነችው እዚያ በእንግድነት ሳለች ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የማው ማው ተዋጊዎች አቃጠሉት። ዙሪያው ያለው ደጋ ከኪኩዩ ገበሬ እየተወሰደ ለነጭ ሰፋሪ የተሰጠበት አገር ነበር። እንግዳው ከፎቅ ሆኖ አውሬ ያያል። የመሬቱ ባለቤት ግን አይታየውም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰፋሪ አልኖረም። የጣሊያን አምስት ዓመትም አለፈ። ታዲያ ይህ በረንዳ እኛ ጋ ምን ይሠራል? አላውቅም። ለዛሬ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ጥር 19

መብራት የለም። ልጁ እኛ ጋ አደረ። በሻማ አወራን።

እስካሁን ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ነው። ማላዊ፣ ካሮንጋን አለፍ ብሎ፣ ሌሊት፣ በእግር። ደላላው ተኙ አላቸው። ሸንበቆ ውስጥ ተኙ። ፊት ለፊታቸው ሐይቁ፣ ሐይቁ ዳር ሎጅ። ሙሉ መብራት። ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው እራት ይበላሉ። የሹካው ድምፅ ይሰማቸው ነበር። እነሱ እህል ከቀመሱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።

«ምን አሰብክ ያኔ?»

«ወንበሩን።»

ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ይህን ቤት ለምን እንደሚፈልገው በከፊል የገባኝ ይመስለኛል። በከፊል።

ጥር 25። ላንጋኖ

በሀላባ፣ በሻሸመኔ አድርገን። ሙቀት። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ያናውጠዋል። ውኃው ቡናማ ነው፣ ሰው ግን ይዋኝበታል፤ ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል። ሆቴሎቹን ወደዚህ የጠራቸው አንዱም ይኸው ነው።

አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው መንገድ እያቆራረጡ ሆቴል ሠሩ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ። የአርባ ምንጩ አባያንና ጫሞን ከላይ ያያል። ቅኝ ገዢ አይደሉም፣ የአገር ሰው ናቸው፤ ሹፌሩም የመንግሥት ሠራተኛውም ያድርበት ነበር። ይህ ያጽናናኛል።

ከሰዓት አንድ ሎጅ ደጃፍ ቆምን። አጥሩ ውኃው ውስጥ ይገባል። ከብት የሚነዱ ልጆች አጥሩን ዞረው ሩቅ ሄዱ። ዘበኛው በትሕትና ቦታ ይዘን እንደሆነ ጠየቀን። አልያዝንም። ልጁ ፎቶ አነሳ። እኔ አጥሩን በእርምጃ ለካሁ።

ሐይቁ ማዶ ቢሻንጋሪ ነው። የአገር ጎጆ መስሎ፣ ጉሬዛ ባለበት ጫካ ውስጥ የተሠራ። ዛፉን ጠብቋል ብለው ብዙዎች ያመሰግኑት ነበር። በ2009 መስከረም መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ በታመሰ ጊዜ፣ ተቃጠለ። ቅርጹ የእኛ ነበር፣ ክዳኑ የእኛ ነበር። አላዳነውም። ስለዚህ ጉዳዩ የቅርጽ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሌሊቱን ይህን ሳሰላስል አደርኩ።

ጥር 26

አብያታን በመመለሻችን። ሐይቁ ሸሽቷል። ነጭ ጨዋማ መሬት፣ ብዙ እርምጃ፣ ከዚያ ውኃ። ወደ እሱ የሚመጣው ውኃ ከላይ፣ ከዝዋይና ከቡልቡላ ጀምሮ ይወሰዳል፤ የሶዳ አሹ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ሲቀዳ ኖሯል። ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። «የኛም እንዲህ ይሆናል?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

የካቲት 3። ቦዮ

ሻሾጎ ገባን። ለጥ ያለ ሜዳ። ከሆመቾ ዳገት ለመጣ ሰው ሰማዩ በዛ ይላል።

ወፎች ነበሩ። ከአገጫቸው ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልባቸው፣ አንገታቸው ነጭ፣ ቁመታቸው የልጅ ያህል። በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ቦዮ ከቀራቸው ቦታ አንዱ ነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ግራጫ ዘመዶቻቸው ደግሞ በመንጋ እርሻው ላይ ይለቅማሉ። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነዚህን ለማየት ሰው ባሕር ያቋርጣል» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘን። ተቀምጠን አወራን። ዳርቻው የት ነው አልኳቸው። «የትኛው? የበጋው ነው የክረምቱ?» አሉ። በክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ይሞላል፣ ቤት ይገባል። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ሣር የከብቱ ነው። ልጁ ለሎጁ የመረጠው ቦታ በትክክል እዚያ ነው።

«ማንም አይከለክላችሁም» አሉት ሽማግሌው፣ «ብቻ ከብቱ በየት ይጠጣል?»

ልጁ መሬት መሬት አየ።

የካቲት 9

ገበያ ቀን። ሣር የሚሸጥ ፈልጌ አጣሁ። ከተማው ቆርቆሮ ሆኗል፤ የእኔም ቤት። ቆርቆሮን አላማውም፣ ዝናብ አስረስቶኛል።

ሣር ቤት የሚከድኑት ሽማግሌ ቤታቸው ነበሩ። ወሳና ጎመን አቀረቡልኝ። ትልቁ ቤታቸው ገና አለ። መሃል እሳት፣ ባንድ ወገን ከብት፣ ባንድ ወገን ሰው፣ እንግዳው ከሁሉ ለእሳቱ ቅርብ። ምሰሶውን በእጄ ነካሁት፤ ጥቁርና ለስላሳ። ስለ ሎጁ ነገርኳቸው። ልጆቻቸው ክዳኑን አልተማሩም። «ሦስት ልጅ ስጡኝና አስተምራለሁ» አሉ። ስለ ዋጋ አላነሱም።

ይህን ጻፍኩት፣ እንዳይረሳ። ከፕላኑ ይበልጥብኛል።

የካቲት 15

ለቅሶ ቤት። ስወጣ አንዲት እናት፣ ጎረቤታችን፣ አገኘችኝ። ልጇ ሰኔ 2004 ማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰምጥ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። ከ40 በላይ የአገራችን ልጆች። ከዚያ ወዲህ ሌላም ሰማን። መጋቢት 2012፣ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ 64 ሰው።

የሐይቅ ዳር ቤት እንደምንሠራ ሰምታለች። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ስለ ውኃው ግን አላነሳችም። «ለታናሹ ሥራ ይኖራል? ከወር በፊት ፓስፖርት አወጣ» አለችኝ።

ምን ልበል? እስካሁን ሳሰላስል የኖርኩት ስለ በረንዳና ስለ አጥር ነበር።

የካቲት 20

ነፋስ። ባሕር ዛፉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ።

አዲስ ወረቀት። መጀመሪያ የከብቱን መንገድ አሰመርኩ፣ ከሰፈሩ እስከ ውኃው፣ ሰፊ አድርጌ። ከዚያ የክረምቱን ውኃ ድንበር፣ ሽማግሌው በእጃቸው ባሳዩኝ መሠረት። ቤቶቹን ከድንበሩ በላይ፣ ከፍታው ላይ። ማዕድ ቤቱን ፊት ለፊት። አጥር የለም። በረንዳውን አላስቀረሁም። ከውኃው ወገን ብቻ ሳይሆን ከመንገዱም ወገን አዞርኩት፣ የሚያልፍ ሰው አረፍ እንዲል።

ልጁ አየው። «ፎቶው እንዲህ አይደለም።» ቆይቶ ደግሞ «ከዚህ ውኃው ይርቃል፣ እንግዳ ይቀራል» አለ። ልክ ሊሆን ይችላል። ዳውሮ ያለው የሐላላ ኬላ ሪዞርት መንግሥት ከነመንገዱ የሠራው ነው፤ ከታች ጊቤ 3 ያቆመው ውኃ፣ ከላይ የንጉሥ ሐላላ የድንጋይ ካብ። እኛ ጋ መንገዱን ማን ይሠራል? እንግዳ ካልመጣ ታናሹን ማን ይቀጥረዋል?

የካቲት 26

ዘነበ። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ። እንሰቱ ታጥቦ አበራ።

ልጁ ከጆሃንስበርግ ተደውሎለታል። ሱቁን የያዘለት ጓደኛው ና ይለዋል። ለእናቱ አልነገራትም። እኔም አልነግራትም። ወንበሩን አሁንም ይፈልገው እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሌላ ሰውም ይቀመጥበት» አለኝ። ስለ በረንዳው ይሁን ስለ ራሱ መሄድ አልገባኝም።

ነገ ወረቀቱን ይዘን ወደ ቀበሌው እንሄዳለን። የከብት ባለቤቶቹም ይመጣሉ ተብሏል። ቦታው ወደ ውኃው ይጠጋ ካሉ ደግሜ አወጣለሁ። የከብቱ መንገድ ላይ ግን ቤት አላሰፍርም።